የጎማ ቤቶቹን ውሃ ለክረምት ስንዘጋ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰው የሚጠይቀኝ ስለ መንገዱ ነው። ያ ድልድይ መቼ ተሠራ፣ ያ ድንጋይ ከየት መጣ ይሉኛል። እኔ መንገድ አልሠራሁም። መንገድ የሚሠሩት ሰዎች የሚያድሩበትን የጎማ ቤት ውሃ ስጠብቅ ነው ዕድሜዬን የጨረስኩት። ይህንን ስነግራቸው ፊታቸው ይቀዘቅዛል፤ ሌላ ሰው ይፈልጋሉ።

ባለፈው ጊዜ ወረታ ውስጥ ከእነዚያ ቤቶች አንዱን አየሁት። ጎማው የለም፣ በድንጋይ ቆሟል፤ ውስጡ ዶሮ ነው። ባለቤቱ ወጣት ነው። ከወለሉ ሥር ያለችውን የብረት ቡሽ አሳየኝና፣

«አባባ፣ ይቺ ምን ትሠራለች?» አለኝ።

«ውሃ ታስወጣለች።»

«ዶሮ ደግሞ ምን ውሃ አለው?» ብሎ ሄደ።

እንግዲህ የሚያውቀው ሰው እየቀረ ስለሆነ ልጻፈው ብዬ ነው። ፊደሌ ደካማ ነው። የቆጠርኩትም ካደግሁ በኋላ እዚያው ካምፕ ውስጥ ነው። የተሳሳተውን አንባቢው ያቃናው።

ስሜ አየነው ነው፤ የተወለድኩት ቁሐር ሚካኤል ነው። በሃምሳዎቹ መጀመሪያ መንገድ ሥራው ወረታ ላይ ካምፕ ሲተክል ጎልማሳ ነበርኩ፤ ሚስትም በሬም ነበረኝ። በአህያ ውሃ ለማመላለስ ተቀጠርኩ። ደመወዙ ብዙ አይደለም፣ ግን በየወሩ ይመጣል። ዝናብ ቀረ ብሎ አይቀርም።

ካምፑ ሦስት የጎማ ቤት ነበረው። በመኪና የሚጎተት የላሜራ ቤት ነው፤ አልጋ አለው፣ ምድጃ አለው፣ ፊት መታጠቢያ አለው። እኔ የገረመኝ አልጋው አልነበረም። ከወለሉ ሥር የላሜራ ጋን ተገጥሞለታል። ውስጥ ቆመህ የእጅ ፓምፑን ስትስብ ውሃው ከሥር ወጥቶ በቀጭን ቱቦ ይሄድና በቧንቧ ይፈሳል። ውሃ ማሞቂያም ነበረው። የአገሬ ሰው ሊያይ ሲመጣ «ጉድጓዱን ይዞ የሚዞር ቤት» ይለው ነበር።

የመጀመሪያው አለቃችን ፈረንጅ ነበር። ክረምት ሊገባ ሲል ሁላችንን ሰብስቦ በአስተርጓሚ ነገረን። በእሱ አገር በብርድ ወራት ውሃ ድንጋይ ይሆናል፤ በቱቦ ውስጥ ከተረሳ ብረቱን ይሰነጥቀዋል፤ ስለዚህ አንድ ጠብታ ሳይቀር ይውጣ አለ። እኛ ተያየን። ይህን ጊዜ ከኋላ የቆሙት የቧንቧ ሠራተኛው ጋሽ ተክሌ፣

«እዚህስ ድንጋይ አይሆንም። እዚህ ነፍስ ነው የሚያበቅለው» አሉ።

እውነታቸውን ነው። በፎገራ ክረምት የቆመ ውሃ በሳምንቱ ትል ያወጣል፣ የወባ ትንኝ ይፈለፍላል፣ ብረቱን ያዝገዋል፣ ይሸታል። በመስከረም ጋኑን የከፈተ ሰው ምሳውን አይበላም። ስለዚህ ምክንያቱ ሌላ ቢሆንም ሥራው ያው ሆነ።

ጋሽ ተክሌ የሽሬ ሰው ናቸው። ቧንቧ የተማሩት አሥመራ፣ ከጣልያን ጋራዥ ነው። አጭር ናቸው፣ ደረቅ ናቸው፣ ቁጣቸውም ሳቃቸውም ከአፍንጫቸው አያልፍም። እኔን ከአህያ ላይ ያወረዱኝ እሳቸው ናቸው። አንድ ቀን በርሜሉን ስገለብጥ የመጨረሻውን ደለል ወደ ጋኑ እንዳይገባ ለብቻው ስደፋው አዩኝና፣ «አንተ የቁሐር ሰው፣ ነገ መፍቻ ትይዛለህ» አሉኝ። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

ልማዳቸው ብዙ ነው። ሲሠሩ አያወሩም። ከቧንቧ የመጀመሪያውን ውሃ ቀድተው ይደፉታል፤ ሁለተኛውን ያሸቱታል፤ ሦስተኛውን አፋቸው ላይ አንከባለው ይተፉታል፤ ከዚያ ነው ለሰው የሚሰጡት። የፈቱትን ብሎን መሬት አያስቀምጡም፤ ከንፈራቸው መካከል ይይዙታል። በዚህ ምክንያት ብሎን እየፈቱ ሲቆጡን ምን እንደሚሉ የሚሰማ አልነበረም፤ እኛም ተሰድበን ይሁን ተመስግነን ሳናውቅ እንውላለን።

ያኔ በፎገራ ሩዝ የሚባል ነገር የለም። ሰኔ ሲጋመስ ርብና ጉማራ ይሞላሉ፤ ሜዳው ከጣና ጋር አንድ ይሆናል። ዋልካው መኪና ይውጣል። ሥራ ይቆማል፣ መሐንዲሶቹ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳሉ፣ የጎማ ቤቶቹ ወደ ዳገቱ ተጎትተው እስከ ጥቅምት ይቆማሉ። ከመቆማቸው በፊት ውሃቸው ይዘጋል። «መዝጋት» እንለዋለን እንጂ ሥራው መክፈት ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው።

በመጀመሪያ ቤቱን ያዘነብሉታል። ቡሿ ካለችበት ጎን ያለውን ጎማ በጉድጓድ ያወርዱታል፣ ሌላውን በክሪክ ያነሱታል። ለጥ ባለ ሜዳ ላይ ቆሞ ጋኑ ባዶ ሆነ የሚል ሰው ውሸታም ነው። ቀጥሎ ቡሿን ከመፍታት በፊት ቧንቧዎቹን ሁሉ መክፈት ነው፤ አየር ካልገባ ውሃው አንቆ ይይዛል። ማሞቂያው የራሱ ቡሽ አለው፤ ሳይበርድ የፈታው ሰው እጁ ተላጠ። ከዚያ ፓምፑ ደረቅ ድምፅ እስኪያወጣ ይሳባል። አሁን ነው ዋናው። አንድ ሰው ከላይ በቱቦው በአፉ ይነፋል፣ ሌላው ከታች ቧንቧው አፍ ላይ የዶሮ ላባ ይይዛል። ላባዋ ርጥብ ብላ ከተጣበቀች ውሃ አለ። ደርቃ ከተንቀጠቀጠች አለቀ። ጋሽ ተክሌ ላባዋን ራሳቸው ካልያዙ አያምኑም ነበር።

ከመታጠቢያው ሥር ያለው የቱቦ ክርን ሁልጊዜ ውሃ ይዞ ይቀራል። እሱ ተፈትቶ ይወጣል። ጋኑ በሎሚና በጠጠር ይታጠባል። ይህንን የተማርነው አንድ በጋ በአንበሳሜ በኩል ስንሠራ ነው፤ የዚያ አገር ምንጭ ቱቦውን ከውስጥ እንደ ኖራ ለሰነው፣ ከዘጌ ሎሚ በጆንያ አስመጥተን አስለቀቅነው። ከታጠበ በኋላ ክዳኑ ገርበብ ብሎ በወንፊት ሽቦ ይታሰራል፣ ተርብና ትንኝ እንዳይገባ። በመጨረሻ ጎሚኒዎቹ፣ ማለትም በየመጋጠሚያው ያሉት የላስቲክ ማሸጊያዎች፣ እና የፓምፑ ቆዳ ግራሶ የሚባለውን የማሽን ቅባት ይቀባሉ። የፓምፑ ቆዳ እንደ ሲኒ የታጠፈ ክብ ቆዳ ነው፤ ውሃውን የሚስበው እሱ ነው። ከደረቀ ይሰነጠቃል፣ ከተሰነጠቀ ፓምፑ አየር ይስባል።

ፈረንጁ ሄደና አቶ ጌታሁን የሚባሉ የካምፕ ሹም መጡ። ወጣት ናቸው፣ ክፉ አይደሉም፣ ግን ከላይ የሚጠየቁትን ይፈራሉ። በእሳቸው ጊዜ ነው የጋሽ ተክሌ ነገር የመጣው።

ጋሽ ተክሌ ሽሬ እናት ነበሯቸው። ካዩዋቸው ብዙ ዓመት ሆኗል። በክረምት ሊማሊሞ ይናዳል፣ መንገድ የለም። በበጋ ደግሞ ሦስቱም ቤት ሥራ ላይ ነው፣ ሌላ የቧንቧ ሰው የለም። ሾፌሮች መልእክት ያመጣሉ። የመጨረሻው መልእክት «ዓይኗ ጠፍቷል፤ ድምፅህን ትስማ» የሚል ነበር። ጋሽ ተክሌ አቶ ጌታሁን ዘንድ ገቡ፤ እኔም በር ላይ ቆሜ ሰማሁ።

«እርስዎ ሄደው ውሃው ቢበላሽ ማን ይጠየቃል?» አሉ አቶ ጌታሁን።

«አየነው አለ።»

«አየነው ብቻውን ዘግቶ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«እንግዲያ ዘንድሮ ብቻውን ይዝጋ። እርስዎ እጅዎንም አፍዎንም እንዳያስገቡ። በጥቅምት ተከፍቶ ውሃው በደንብ ከወረደ፣ በዚያው ቀን ይሂዱ። ካልወረደ ግን ሌላ ሰው እስኪገኝ አይለቁም። ቃል ይስጡኝ።»

«ቃሌ ነው» አሉ።

ስለዚህ የእኔ መዝጋት የእሳቸው መሄጃ ሆነ። ይህንን ሁለታችንም እናውቅ ነበር፤ አንድም ቀን አላነሳነውም።

ሰኔ ላይ ቤቶቹ ወደ ዳገቱ ወጡ። ጋሽ ተክሌ አልቀሩም፤ ከዳገቱ ጫፍ አንድ ድንጋይ ላይ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ፣ ፊታቸውን ወደ ጣና አዙረው ተቀመጡ። ቀኑን ሙሉ አልዞሩም። እኔ አዘነበልኩ፣ ቧንቧ ከፈትኩ፣ አፈሰስኩ፣ የካምፑን ዘበኛ አቁሜ አስነፋሁት፣ ላባዋን ያዝኩ። ደረቀች። ጋኖቹን አጠብኩ። እስከዚህ ድረስ አንድ ስህተት የለበትም፤ ዛሬም ቢሆን የሚከራከረኝ ካለ ይምጣ።

ግራሶ ልወስድ ወደ ንብረት ክፍል ሄድኩ። ሞላ የሚባል የይፋግ ሰው ነበር ንብረት ጠባቂው።

«አልቋል» አለኝ።

«መቼ ይመጣል?»

«መኪና ሲመጣ። መኪናው ደግሞ ዋልካው ሲደርቅ።»

«የፓምፑ ቆዳ ሊሰነጠቅ ነው እኮ!»

«አየነው፣ ቆዳ አይደል? ጠፍርህን በምን ነው የምታለሰልሰው? ቀንበር ጠምደህ አታውቅም እንዴ?»

ይህንን የሚለኝ ቅቤ በሚፈስበት አገር ነው። በእኛ ዘንድ ጠፍር በቅቤ ነው የሚታሸው፣ የኮርቻ ቆዳ በቅቤ ነው፣ የልጅ ማዘያ አንቀልባ በቅቤ ነው። ቆዳን ቅቤ ጎዳው ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ቢሆንም ወደ ድንጋዩ ሄድኩ።

«ጋሽ ተክሌ፣ ግራሶ የለም!»

አልዞሩም።

«ጋሽ ተክሌ!»

«ቃል ሰጥቻለሁ። አትጠይቀኝ። በምታውቀው ሥራ።»

በማውቀው ሠራሁ። ቤት ሄጄ ባለቤቴን ጥሩሰውን ቅቤ አምጪ አልኳት።

«ለምን?»

«ለፓምፑ።»

«እሰይ! የእኔ ጠጉር ዓመት በዓል ሲመጣ ‹ቆጥቢ› ይባላል፣ የጎማ ቤት ግን ይቀባል። በል ሽሩባም ሥራላት!»

ቢሆንም ሰጠችኝ። የጠራ ቅቤ ነበር። የሦስቱንም ፓምፕ ቆዳ እስኪጠግብ አሸሁት። የተረፈውን ለጎሚኒዎቹ ቀባሁት፣ ብሎኖቹም እንዳይዝጉ ጠርዛቸውን አስነካኋቸው። ቆዳው ለስልሶ እንደ ጆሮ ታጠፈ። ደስ አለኝ። በሩን ቆልፌ ቁልፉን አስረከብኩና ለእርሻዬ ወደ ቁሐር ወረድኩ።

ያን ክረምት ውሃው ከፍ ብሎ መጣ። ከቁሐር ወደ ወረታ በታንኳ ካልሆነ አይወጣም ነበር። ሜዳው ሲጥለቀለቅ የሜዳው አይጥ ሁሉ ወደ ደረቅ መሬት ይሸሻል፤ ይህንን የፎገራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ደረቁ መሬት ያ ዳገት ነበር። ዳገቱ ላይ ደግሞ ቅቤ የሚሸት ቤት ቆሟል። ዘበኛው በየቀኑ ይዞራል፣ በሩን ይነካል፣ ተቆልፏል። ዝናብ ላሜራ ላይ ሲወርድ የአይጥ ጥርስ አይሰማም።

ጥቅምት ገባ። ለመክፈቻው ቀን ጋሽ ተክሌ ፀጉራቸውን ተከርክመው፣ የታጠበ ሸሚዝ ለብሰው መጡ። ለእናታቸው የገዙት አዲስ ጋቢ በሻንጣቸው ውስጥ ነው። ሻንጣው ወደ ጎንደር በሚሄደው የጭነት መኪና ላይ ተጭኗል። ሾፌሩ በላቸው «ቶሎ በሉ፣ ፀሐይ ሳይበረታ ልውጣ» ይላል። እኔም በዚያ ጥድፊያ ውስጡን ሳላይ ጋኑን ሞላሁ። አቶ ጌታሁን ራሳቸው ፓምፑን ያዙ። ሳቡት። እጀታው እንደ ልቅ በር ወዲያ ወዲህ አለ። ደግመው ሳቡት። ከቧንቧው የወጣው ውሃ ሳይሆን ሽታ ነው።

ፈታሁት። የፓምፑ ቆዳ የለም። ማሰሪያ ቀለበቱ ብቻ ቀርቷል፣ ጥርስ ተጽፎበታል። ጎሚኒው በቅቤው አብጦ እንደ እንጉዳይ ለምልሟል፤ ስነካው ተቆረሰ። የላስቲክ ቱቦው ተበልቷል። በወንፊቱ ሽቦ ሥር ቀድደው ገብተው ጋኑ ውስጥ ወልደዋል፣ ሞተዋልም። ሁለተኛው ቤት ያው። ሦስተኛው ያው።

«ይህ የሚያብረቀርቀው ምንድን ነው?» አሉ አቶ ጌታሁን።

«ቅቤ ነው።»

«ምን?»

«ቅቤ።»

በላቸው ከመኪናው ላይ ሆኖ፣ «ኧረ ገንፎውስ የት አለ?» ብሎ ሳቀ።

አቶ ጌታሁን መሬት መሬት እያዩ፣ «ጋሽ ተክሌ፣ ሻንጣዎን ያስወርዱ» አሉ።

ጋሽ ተክሌ ራሳቸው ሄደው አወረዱት። መኪናው ሄደ። ሸሚዛቸውን አውልቀው በሩ ላይ ሰቀሉና ከሥር ገቡ። የፓምፑን ቀለበት በጣታቸው አዙረው አዩት።

«ቅቤ ቆዳ ያለሰልሳል። እውነትህን ነው» አሉኝ። «ይህንን አይጥም ታውቃለች።»

«አንድ ጊዜ ዞር ብለው ቢያዩኝስ ኖሮ?»

«ቃል ነበረኝ።»

እኔ ያ ቃል ልክ ነበር ብዬ እስከ ዛሬ አላመንኩም። እሳቸውም ልክ አልነበረም ብለው አያውቁም። ሁለታችንም ግትር ነን።

መለዋወጫው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ መሐንዲሶቹ ከበርሜል በጣሳ ታጠቡ። ሥራው ተጀመረ፣ በጋው ሄደ።

ከጥምቀት በኋላ ነው፣ አንድ ጠዋት በላቸው ከጎንደር መጥቶ መኪናውን ሳያጠፋ ወደ ጎን ጠራኝ። የጋሽ ተክሌ እናት አርፈዋል። ከተቀበሩ ሰንብተዋል።

«ንገረው» አለኝ።

«ዛሬ አይነገርም» አልኩት።

በእኛ አገር መርዶ እንዲህ ድንገት አይነገርም፤ ሰው ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ቀድሞ፣ በማለዳ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ ነው። ሽማግሌዎቹን ለማግኘት ቀኑ ያስፈልጋል። ሞላን ወደ ደብሩ ላክሁት። እኔ ግን ቀርቼ ሰው እንዳይጠረጥር መሥራት ነበረብኝ። ያን ቀን ማሞቂያ ነበር የምናጸዳው። ጋሽ ተክሌ ሲሠሩ አያወሩም ብያለሁ። ያን ቀን ግን ምን እንደነካቸው እንጃ አወሩ።

«ዘንድሮ ጎሚኒ ደጋግሜ አዝዣለሁ» አሉ። «ቆዳውንም እንነቅለውና በቆርቆሮ ጣሳ እንዘጋዋለን። በጥቅምት ምንም አያግደንም።»

«እሺ» አልኩ።

«ጋቢውን አይጥ እንዳይደርስበት ከጣሪያ ሰቅዬዋለሁ።»

«ደግ አደረጉ።»

«እናቴ ድምፄን የምታውቀው ይመስልሃል? ስሄድ ልጅ ነበርኩ። ድምፄ ሌላ ነበር።»

«እናት ታውቃለች» አልኩ። መፍቻው የጠፋኝ መስዬ ፊቴን አዞርኩ። አንስተው ሰጡኝና ሥራቸውን ቀጠሉ።

በማግስቱ ማለዳ ካህናቱና ሽማግሌዎቹ በራቸው ላይ ቆሙ። ጋሽ ተክሌ በሩን ከፍተው ሰዉን ሲያዩ ወዲያው ገባቸው። ከሰው መካከል እኔን ፈለጉ።

«ትናንት ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ነው ያለቀሱት። የወረታ ሰው ዘመዱ ሳይሆኑ መጥቶ ተቀመጠላቸው፤ ጥሩሰውም ከቁሐር እንጀራ ተሸክማ መጣች። ቀኑ ሲያልፍ ወደ ሥራ ተመለሱ። ስለ ቅቤው አንድም ቃል አልወጣቸውም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር፤ ግን እሳቸው ለእኔ የሚሻለውን ሊያደርጉ አልተቀጠሩም።

ሰኔ ተመልሶ መጣ። አቶ ጌታሁን ያንኑ ደገሙት፤ አየነው ብቻውን ይዝጋ አሉ። ጋሽ ተክሌ ያንኑ ድንጋይ አንከባለው ከቤቶቹ አጠገብ አመጡትና ፊታቸውን ወደ እኔ አድርገው ተቀመጡ። አፋቸውን ግን አልከፈቱም። ላባዋን ስይዝ ብቻ አንገታቸውን ሰገግ ያደርጋሉ። ቆዳዎቹን ነቅዬ በቆርቆሮ ከተትኩ፣ ጎሚኒዎቹን አመድ ነስንሼባቸው በጨርቅ ጠቀለልኩ፣ በየክፍተቱ ድርብ ሽቦ አሰርኩ። ግራሶ ሞልቶ ነበር። ለብረቱ ብቻ ቀባሁት።

በጥቅምት የመጀመሪያውን ቤት ከፈትን። አቶ ጌታሁን ፓምፑን ሁለት ጊዜ ሲስቡት ያዘ። ውሃ ወረደ። ጋሽ ተክሌ የመጀመሪያውን ደፉ፣ ሁለተኛውን አሸተቱ፣ ሦስተኛውን ቀምሰው ተፉ። ጽዋውን ለሹሙ ሰጧቸው። ሁለተኛው ቤትም እንደዚያው ወረደ። አቶ ጌታሁን ከኪሳቸው የፈቃድ ወረቀት አወጡ፤ ማኅተሙ ሳይቀር ተመትቶበታል።

«ጋሽ ተክሌ፣ ቃል ቃል ነው። ዛሬውኑ ይሂዱ። በላቸው ይጠብቅዎታል።»

ጋሽ ተክሌ ወረቀቱን ተቀበሉ። አላነበቡትም። ብሎን በከንፈራቸው ይዘው ስለነበር መጀመሪያ እሱን አወጡ።

«ወዴት?» አሉ።

በላቸው ሞተሩን አጠፋ። ጋሽ ተክሌ ወረቀቱን አጥፈው ሸሚዛቸው ኪስ ከተቱና ወደ እኔ ዞሩ።

«አየነው፣ ሦስተኛው ይቀራል» አሉ።

መፍቻውን ይዤ ከሥር ገባሁ።